የዛሬውን ተመስገን አምጪ

ልጅ ሳለሁ፣ መንግሥት በተለወጠ ሰሞን፣ ሸኮ አጠገብ ባለችው መንደራችን ተረት በነፃ አይሰማም ነበር። ተረት ነጋሪያችን የአባቴ አባት አባባ መኩሪያ ነበሩ። ዕድሜያቸውን ሙሉ ጫካ ውስጥ፣ ረጃጅም ዛፎች ላይ ቀፎ ሲሰቅሉ ኖረው፣ ያኔ ጉልበታቸው ስለደከመ ምድጃ ዳር ተቀምጠው ያመሹ ነበር። ከእሳቱ በላይ የተንጠለጠለው ኮረሪማ በጭሱ እየደረቀ ቤቱን በመዓዛው ይሞላዋል፤ ኩራዙ ይርገበገባል፤ እኛም ተጠጋግተን እንቀመጣለን። እሳቸው ግን «ተረት ተረት» ከማለታቸው በፊት እያንዳንዳችን የዕለቱን ምስጋና ማቅረብ ነበረብን።

በደፈናው «ለጤናዬ ተመስገን» ማለት አያዋጣም። «ይሄማ የሁሉም ነው፤ የዛሬውን፣ የራስሽን አምጪ» ይሉኛል። ታላቅ ወንድሜ ታደለ አንድ ቀን «የሒሳብ አስተማሪያችን ስለቀረ ተመስገን» ቢላቸው፣ ጥርስ የሌለው አፋቸውን በጋቢያቸው ጫፍ ሸፍነው እየሳቁ «እግዜር ይስቃል እንጂ አይቆጣም፤ ተቀብያለሁ» አሉት።

አንድ ዓመት ክረምቱ ሲወጣ እናቴን ወባ ጣላት። መንገዱ ጭቃ ስለነበር የመንደሩ ወንዶች በቃሬዛ ተሸክመው እስከ መኪና መንገድ አደረሷት፤ ከዚያ አባቴ በአይሱዙ አሳፍሮ ሚዛን ሆስፒታል ወሰዳት። ልትሄድ ስትል «እማዬ» ብላት ዓይኗን ገልጣ አየችኝና፣ እንደማታውቀኝ ሁሉ መልሳ ጨፈነች። አንጀቴን የቆረጠው እሱ ነው።

በማግስቱ ማታ ምስጋናዬን እንደ ጉድ አዘነብኩት። ዝናቡ ስላባራ ተመስገን፣ ፍየላችን ስለወለደች ተመስገን፣ ዝንጀሮ በቆሎአችንን ስላልነካ ተመስገን፣ እንጨቱ ስለነደደ ተመስገን። በልጅ ልቤ፣ ምስጋናው ከበዛ እግዚአብሔር እናቴን ይመልስልኛል ብዬ ነበር። ታደለ አፉን ከፍቶ ያየኛል።

አባባ እስክጨርስ ሰሙኝና «ነይ እስቲ ወዲህ» ብለው ጋቢያቸው ውስጥ አስገቡኝ። «ልጄ፣ ገበያ ወጣሽ እንዴ? ከእግዜር ጋር ዋጋ ትከራከሪያለሽ?»

«እማዬን እንዲመልስልኝ እኮ ነው፣ አባባ» አልኩ፤ እንባዬም አብሮ መጣ።

«እሱንማ ለምኚው፤ እሱን መለመን ነውር የለውም። እኔም ከጧት ጀምሬ እየለመንኩ ነው። ምስጋና ግን ለተሰጠሽ ነው። እናትሽን ሲሰጥሽ ምን ሰጠሽ? እስቲ እሷን ንገሪኝ።»

ነገርኳቸው። ወንዝ ስንሻገር እንዴት እንደምታዝለኝ፣ ፀጉሬን ስትሠራኝ እንዳያመኝ እፍ እንደምትልልኝ፣ ጥሩ ጥሩውን ጎደሬ «እኔ አልወድም» እያለች ወደ እኔ እንደምትገፋው። አንዱን በጨረስኩ ቁጥር አባባ ቀስ ብለው «ተመስገን» ይላሉ። እያለቀስኩ ነበር የማወራው፤ መሀል ላይ ግን ፈገግ ማለት ጀመርኩ፤ ታደለም የራሱን ጨመረ። ያን ማታ ተረት አልተነገረም፤ የጠየቀም አልነበረም። ፍሙ አመድ ሲለብስ እዚያው ጋቢያቸው ውስጥ እንቅልፍ ወሰደኝ። ከሚዛን ገና ምንም ወሬ አልመጣም ነበር፤ ሆዴ ግን ተረጋግቶ ነበር።

እናቴ ከስታና ጠውልጋ ተመለሰች፤ ደስታችን ወሰን አልነበረውም። ምስጋናዬ መለሳት ብዬ ግን አላሰብኩም።

ከአባባ ተረቶች ዛሬ ብዙዎቹ ተደባልቀውብኛል፤ የጦጣውን ከከርከሮው መለየት አቅቶኛል። እሳቸው ካለፉ ከብዙ ዓመት በኋላ እናቴ እዚያው ሆስፒታል ገብታ ሳትመለስ ቀረች። ያን ጊዜም ለምኜ ነበር፤ አጥብቄ ነበር የለመንኩት። በለቅሶው ድንኳን ውስጥ ከታደለ ጋር ጎን ለጎን ተቀምጠን ሳለ፣ እማዬ ስታስነጥስ የጎረቤት ዶሮ ሳይቀር ይበረግግ እንደነበር አስታወሰኝና ሁለታችንም ሳቅ አመለጠን። አጠገባችን የነበሩት ሴትዮ ደንግጠው አዩን።

«ተመስገን» አለ ታደለ ዝቅ ባለ ድምፅ።

«ተመስገን» አልኩ እኔም እያለቀስኩ፤ ከልቤ ነበር።