ከመጀመሪያ ኑዛዜዬ በፊት ያንኳኳኋቸው በሮች

ቅዳሜ ጠዋት የልጄን የሞኒካን ነጭ ቀሚስ ሳፋ ውስጥ ዘፍዝፌ ሳሽ፣ የልብስ ሳሙናው ሽታ አፍንጫዬን ሲመታው እጄ ውሃው ውስጥ እንዳለ ቆመ። ዱቄት ሳሙና ጨርቁን እንዳይጎዳው ብዬ የድሮውን ቢጫ ሳሙና ፈልጌ ነበር የገዛሁት። ልጄ በሚመጣው ሳምንት የመጀመሪያ ኑዛዜዋን ትናዘዛለች፣ በማግስቱ ደግሞ ትቆርባለች፤ እኔም ቀሚሱ ይጠብባት ይሆን፣ ጸሎቱ ይጠፋባት ይሆን፣ አባ ፊት ድምጿ ይዘጋባት ይሆን እያልኩ ካሁኑ እንቅልፍ አጥቻለሁ። ይህን ሳወጣና ሳወርድ በር ላይ መጥታ ቆመችና፣ «እማዬ፣ ሲስተር ከኑዛዜ በፊት ያስቀየማችሁትን ሰው ይቅርታ ጠይቁ ብለውናል፤ ከታች ቤት ልጀምር?» አለችኝ።

«ቆይ» አልኳት። የሳሙናው ሽታና የልጄ ጥያቄ አንድ ላይ ሲመጡብኝ፣ በርዷል ብዬ የተውኩት ንዴት እንደገና ተቀሰቀሰ።

ልጅ ሳለሁ የምንኖረው እዚሁ ኮልፌ፣ ወደ አስኮ በሚወስደው መንገድ ገባ ብሎ፣ ብዙ ቤተሰብ በሚጋራው የቀበሌ ግቢ ውስጥ ነበር። አባቴ አጠና ተራ እንጨት ይሸጥ ስለነበር ማታ ሲመጣ የባሕር ዛፍ ልጣጭ ሽታ ከነኮቱ ይዞ ይገባል። እናቴ ከጉራጌ አገር ስትመጣ መቁጠሪያዋንና የካቶሊክ እምነቷን ይዛ የመጣች፣ ከሰው መጣላትን ከእሳት አብልጣ የምትፈራ ሴት ነበረች። በግቢው ካቶሊክ እኛ ብቻ ነን። የጎረቤቶቻችን የነፍስ አባት ጃንጥላቸውን ይዘው እቤት ድረስ ይመጣሉ፣ ይበላሉ፣ ይጠጣሉ፣ ይመርቃሉ፤ የኛ አባ ግን ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ካለው የእንጨት ሳጥን ገብተው፣ በወንፊት መሳይ መስኮት ጆሯቸውን ብቻ ይሰጡናል። የግቢው ልጆች ይህን ሲሰሙ በሳቅ ሊሞቱ ደረሱ። «ኃጢአታችሁን በመስኮት ነው አሉ የምታስረክቡት፤ ትኬትም ይቆርጡላችኋል?» ይሉኛል። «አዎ፣ ወደ ገነት የሚወስድ፤ ለእናንተ ግን አይሸጥም» ብዬ እሮጣለሁ።

ለኑዛዜ የሚያዘጋጁን ጋሼ ሉቃስ የሚባሉ፣ ሸሚዛቸውን እስከ አንገታቸው የሚቆልፉ፣ ሳቅ የማያውቁ የትምህርተ ክርስቶስ አስተማሪ ነበሩ። ከሰዓት በኋላ ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ ባለው ክፍል አግዳሚ ላይ ደርድረውን አሥርቱን ትእዛዛት አንድ በአንድ ያነሳሉ፤ እኛም ዓይናችንን ጨፍነን በዚያኛው ምን አጠፋሁ፣ በዚህኛውስ ምን አጠፋሁ እያልን ኅሊናችንን እንመረምራለን። የኔ ጭንቀት ኃጢአት ማነሱ ነበር። አጠገቤ የምትቀመጠው ልጅ ወንድሟን ስትነክስ፣ ስኳር ስትሰርቅ፣ ቅዳሴ ላይ ስታንቀላፋ የኖረች ስለነበረች ቀናሁባት፤ እሷ አባ ፊት ብዙ የምታወራው አላት፣ እኔ ግን አንድ ሁለት ውሸት ተናግሬ ባዶዬን ልቀር ነው። «አታመንዝር» የሚለው ላይ ስንደርስ ምን ማለት እንደሆነ ስጠይቅ፣ ጋሼ ሉቃስ ጣሪያውን አይተው፣ «እሱ ለእናንተ ገና ነው፣ እለፉት» አሉኝ፤ እኔም ገና ያልደረሰልኝ ኃጢአት አለ ማለት ነው ብዬ ትንሽ ተጽናናሁ።

በመጨረሻው ሳምንት ጋሼ ሉቃስ የቤት ሥራ ሰጡን። ከሰው ሳይታረቁ ከእግዚአብሔር መታረቅ የለም፤ በየግቢያችሁ ያለውን በር ሁሉ እያንኳኳችሁ ይቅርታ ጠይቁ፤ ያጠፋችሁትን ባታውቁትም ጠይቁ፣ ሰው ሳያውቅም ያስቀይማልና፣ አሉን። ነገሩ መልካም ነው፤ ዛሬም መልካም እንዳልሆነ አልናገርም። ግን የሁላችንም ጎረቤት ካቶሊክ እንዳልሆነ እሳቸው ያውቁ ነበር። ትልልቆቹ በጾም መግቢያ እርስ በርስ ይቅር ይባባላሉ እንጂ፣ አንዲት ሕፃን ማንም ሳይጠራት በሥራ ቀን በር አንኳኩታ ይቅር በሉኝ ስትል በኛ ግቢ ታይቶ አይታወቅም። ቢያንስ ለወላጅ ንገሩ፣ ከእናታችሁ ጋር ሂዱ ማለት ይቻል ነበር። አላሉንም።

ደስ ብሎኝ ነው የጀመርኩት። የመጀመሪያው ቤት ያሉት ሽማግሌ ስቀው አንድ እፍኝ ቆሎ ሰጡኝ። ቀጥሎ የእትዬ አስካለ ቤት ነው። እትዬ አስካለ የጎጃም ሴት ናቸው፤ ደርባባ፣ ድምፃቸው አጥር የሚዘል፤ የግቢው ቧንቧ በራቸው ፊት ስለሆነ ቁልፉም እሳቸው ዘንድ ነው። በዚያው ሰሞን አረንጓዴ ጥለት ያለው አዲስ ነጠላቸው በዚያው ቢጫ ሳሙና ታጥቦ ከተሰጣበት ገመድ ላይ ጠፍቶባቸው፣ ሌባውን ጠዋት ማታ ሲረግሙ ሰንብተዋል። ልጅ ነኝና የዚያን ነጠላና የኔን ይቅርታ ምን ያገናኛቸዋል? ጎንበስ ብዬ ጉልበታቸውን ሳምኩና፣ «እትዬ፣ አጥፍቼ እንደሆነ ይቅር በሉኝ» አልኳቸው።

ምስር የሚለቅሙበትን ሰፌድ መሬት አስቀመጡት።

«አንቺ ነሻ» አሉ።

«ምኑ፣ እትዬ?»

«ምኑ ትለኛለች ደግሞ። ነጠላዬ ነዋ። ሰው ሳያጠፋ ጉልበት ይስማል?»

ቤተ ክርስቲያን አዘውኝ ነው ብል፣ «እንኳን አዘዙሽ፤ ኅሊናሽ ነው ያዘዘሽ» አሉና ግቢውን ጠሩት። ቆሎው እጄ ላይ እንዳለ፣ የጎረቤት ሴቶች ከየበራቸው ብቅ ብቅ ሲሉ፣ እኔ መሐል ላይ ቆሜ ቀረሁ። እናቴ በጎረቤት ሁሉ ፊት ጎንበስ ብላ ልጅ ናት ይማሯት አለች። ከዚያ ወደ ቤት ገብታ፣ ለበዓል ብቻ የምታወጣውን የራሷን ነጠላ ከሳጥን አውጥታ ለእትዬ አስካለ በሁለት እጇ ሰጠች። እኔን አልጠየቀችኝም። ወስደሻል ወይስ አልወሰድሽም የሚል አንድ ቃል፣ ያኔም ሆነ እስክትሞት ድረስ፣ ከአፏ አልወጣም። ቁልፉ እሳቸው ዘንድ ነው፤ ውሃ ከተከለከልን እንስራ ተሸክማ ሩቅ የምትሄደው እሷ ናት፤ ይህን ዛሬ እናት ሆኜ እረዳለሁ። መረዳት ግን ንዴቱን አያበርደውም።

ወሬው ጋሼ ሉቃስ ጋር ለመድረስ ጊዜ አልፈጀበትም። ከልጆቹ ለይተው አቆሙኝና፣ «ስርቆትሽን ለአባ ካልተናዘዝሽ ከጓደኞችሽ ጋር አትቆርቢም» አሉኝ። እሳቸውም ቢሆኑ አልጠየቁኝም። ያን ሳምንት ያሰብኩትን ያህል ከዚያ ወዲህ አስቤ አላውቅም። ሰረቅሁ ካልኩ ኑዛዜ ላይ መዋሸቴ ነው፣ ኑዛዜ ላይ የሚዋሽ ደግሞ ምን እንደሚሆን ራሳቸው አስተምረውናል፤ አልሰረቅኩም ካልኩ ቁርባን የለም። ኃጢአት አነሰኝ ብላ ስትጨነቅ የነበረች ልጅ፣ ባልሠራችው ኃጢአት ምግብ አልወርድላት አለ።

ተራዬ ደርሶ ሳጥኑ ጋ ስንበረከክ አባ ሳል ቢጤ አሰሙና፣ «በይ ልጄ» አሉኝ። ውሸቶቼን ተናገርኩ።

«ሌላስ?»

«ነጠላ ሰርቄያለሁ በይ ብለውኛል።»

«ሰርቀሻል?»

«አልሰረቅኩም፣ አባ።»

«ታዲያ የሰው ኃጢአት እዚህ ምን ያደርጋል? የራስሽን ነግረሽኛል፤ እሱ ይበቃል» አሉና የይቅርታውን ጸሎት ደገሙልኝ። ያንን የመሰለ ቅለት ተሰምቶኝ አያውቅም። የጠየቀኝ ሰው ተገኘ። ከሳጥኑ ተነስቼ ስወጣ ከወጥመድ የተፈታች ወፍ የሆንኩ መሰለኝ።

እሑድ ጠዋት በር ላይ ጋሼ ሉቃስ ያዙኝ። «ነጠላውን ተናገርሽ?» አሉኝ። «የሠራሁትን ሁሉ ተናግሬያለሁ» አልኳቸው። «ነጠላውንስ?» «እሱን አልሠራሁትም።» ሻማዬን ከእጄ ወሰዱና፣ ነጭ ቀሚሴን እንደለበስኩ ከኋላ አግዳሚ ላይ አስቀመጡኝ። አባ ቅዱስ ቁርባኑን ይዘው ወደ ሕፃናቱ ሲመጡ ሰልፉን አዩ፣ ከዚያ ቀና ብለው ወደ ኋላ ሲያዩ ዓይናችን ተገጣጠመ። እጃቸው ትንሽ ቆም ያለ መሰለኝ። ከዚያ ቀጠሉ። አንድ ቃል አልተናገሩልኝም፤ ለብዙ ጊዜም ከሁሉም አብልጬ የተቀየምኩት እሳቸውን ነበር። ካህን ኑዛዜ ላይ የሰማውን በአንደበቱ ቀርቶ በዓይኑ እንኳ ማሳየት እንደማይችል የገባኝ ቆይቶ ነው። ከወራት በኋላ፣ ያለ ነጭ ቀሚስና ያለ ሻማ፣ በተራ እሑድ ከትልልቅ ሰዎች ኋላ ተሰልፌ ቆረብኩ።

ነጠላው ተገኘ። ሰፈር ውስጥ ሰው ሞቶ ድንኳን ተጥሎ ሳለ፣ እትዬ አስካለ ያንኑ ነጠላ አረንጓዴ ጥለቱን አዘቅዝቀው ለብሰውት መጡ። ዓይኔን አላመንኩም። አፌን ልከፍት ስል እናቴ ጭኔን ቆንጥጣ ያዘችኝ፤ ስለዚህ እሷም አይታዋለች ማለት ነው። የእትዬ አስካለ ልጅ ጥሩወርቅ በኋላ ቧንቧ ጋ ተራ ስንጠብቅ እየሳቀች፣ «ጦር ኃይሎች ሰፈር ለጓደኛዬ ሰርግ ደብቄ ለብሼው ሄጄ፣ እሷ ጋ ረስቼው ነው እኮ፤ ለእማዬ ስነግራት ገደለችኝ» አለችኝ። እናቷ አውቀው ነበር። የእናቴን ነጠላ ግን አልመለሱም፤ የራሳቸውን ለክት አስቀምጠው የኛን በሥራ ቀን ይለብሱት ነበር። ጋሼ ሉቃስም ሰምተው ነበር፤ መንገድ ላይ ሲያገኙኝ ሸሚዛቸውን አስተካክለው፣ «ትምህርት እንዴት ነው?» ብለውኝ አለፉ። የአባ ዝምታ ሕግ ነበረበት። የእነዚህን አፍ ግን ማን አሰረው? ልጅን በየሰው በር ይቅርታ እንድትለምን የላኩ ትልልቅ ሰዎች፣ አንዳቸውም ወደ ልጅ በር መጥተው ይቅርታ ማለት እንዳለባቸው አልታያቸውም።

አሁን ያ ግቢ ፈርሶ ፎቅ ቆሞበታል፤ እትዬ አስካለም እናቴም የሉም፤ ጋሼ ሉቃስ የት እንደደረሱ አላውቅም። እኔ ከዚያ ወዲህ ብዙ ጊዜ ተናዝዣለሁ፤ የጎረቤት በር አንኳኩቼ እንዲሁ ይቅር በሉኝ ማለት ግን ተስኖኝ ቀርቷል። ቃሉ ምን ተብሎ ይተረጎምብኝ ይሆን እያልኩ ከደጅ ስመለስ ኖሬያለሁ። የወሰዱብኝ ይህን ነው።

ቀሚሱን ገመድ ላይ ሰጥቼ እጄን ጠረግኩና ከሞኒካ ጋር በፎቁ ደረጃ ወደ ታች ወረድኩ፤ ብቻዋን አልላክኋትም። በሩን የከፈተችልን ሐያት፣ የልጄ ጓደኛ የኢክራም እናት ናት። ልጄ አፏን ሳትከፍት ቀድሜ፣ «ምንም አላጠፋችም፤ የእምነታችን ሥርዓት ስለሆነ ነው» አልኩ። ሞኒካ እጄን ጎተተችኝ።

«አጥፍቻለሁ እንጂ፣ እማዬ። እትዬ ሐያት፣ ኢክራም አላጫውትሽም ስላለችኝ ከበረንዳ ሆኜ ያጠባችሁት ልብስ ላይ ሆን ብዬ የቆሸሸ ውሃ ደፍቻለሁ። ይቅር በሉኝ።»

ሐያት አፏን በእጇ ይዛ ሳቀች። «እኔ ደግሞ ስሰድብ የከረምኩት ጣሪያውን ነው፤ ያፈሳል ብዬ። አውፍ ብያለሁ፣ ይቅር ብዬሻለሁ፣ የኔ ልጅ፤ ኢክራምም ይቅርታ ትጠይቅሻለች፣ አላጫውትም ማለት ደግ አይደለም» አለችና ወደ ውስጥ ዞራ ልጇን ጠራች።

ልጄ ሁለት ሁለት ደረጃ እየዘለለች ወደ ላይ ስትወጣ ከኋላዋ ቆሜ አየኋት። ደስ አለኝ ብቻ ብል እዋሻለሁ፤ ተናደድኩም። አንድ በር ከፍቶ አንድ ቃል መናገር፣ ይኸው ነው፤ ይህን ያህል ቀላል ነገር ነው ትልልቆቹ ሰዎች እኔን የነፈጉኝ።