የምርመራውን ሰዓት ከጾሙ ጋር ያስማሙት ወይዘሮ ጥሩወርቅ

በደባርቅ ከመናኸሪያው ጀርባ የግል ላቦራቶሪ ከፍተው ሲያገለግሉን የኖሩት ወይዘሮ ጥሩወርቅ ባደረባቸው ሕመም ባለፈው ሳምንት ከዚህ ዓለም በሞት ተለይተዋል። በቀብራቸው ዕለት ከዳባት የመጣው ለቀስተኛ ብቻ ቤተ ክርስቲያኑን ሞልቶት ነበር። እኔ ከበራቸው አጠገብ ልብስ ስሰፋ የኖርሁ ጎረቤታቸው ነኝ። በመካከላችን ያለው ግድግዳ ጣውላ ስለሆነ ፈልጌም ሳልፈልግም ስሰማቸው ኖሬአለሁ። ስለ እሳቸው ለመጻፍ ከእኔ የተሻለ ሰው የለም ብል ትዕቢት አይባልብኝ፤ ቢባልም ግድ የለኝም።

በእኛ አካባቢ ሰው ሲያመው ሐኪም ዘንድ ወረፋ ከመጠበቅ ይልቅ በቀጥታ ላቦራቶሪ ገብቶ «ደሜን እዩልኝ» ማለት ይቀለዋል። ሌላው ባለ ላቦራቶሪ ቢሆን ደስ ብሎት ያለውን ምርመራ ሁሉ ሠርቶ ያስከፍል ነበር። ወይዘሮ ጥሩወርቅ ግን መጀመሪያ ያስቀምጡና ይጠይቃሉ፤ ምን እንደሚያምህ፣ ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ፣ ከቤተሰብህ እንዲህ የታመመ እንዳለ። «ደም የጠየቅነውን ብቻ ነው የሚመልስልን» ይሉ ነበር። አንድ ጊዜ አንድ የእህል ነጋዴ «ያለውን ምርመራ በሙሉ ሥሩልኝ፣ ብሩ አለኝ» እያለ ገባ። በሩን ከፈት አድርገው የእኔን መደርደሪያ አሳዩትና «አንድ ሸሚዝ ለማሰፋት ይህን ሁሉ ጨርቅ ትገዛለህ?» አሉት። ሰውየው እየሳቀ አንድ ምርመራ አሠርቶ ሄደ። እኔ ግን ጣቃ ሙሉ ሊገዛ የሚችል ደንበኛ አባረሩብኝ ብዬ ስነዘንዛቸው ከረምሁ።

ከሁሉ በላይ የምኮራበት ግን የስኳር ምርመራው ነገር ነው። ምርመራው ባዶ ሆድ ስለሚፈልግ የትም ቦታ የሚሠራው ጧት ነው። የገጠሩ ሰው ደግሞ ጎሕ ሳይቀድ እህል ቀምሶ ይነሣና በእግሩ ከተማ ሲደርስ ይረፍዳል። «በልተዋል» ይባልና ይመለሳል። ከተማ አድሮ ልመርመር ቢል አልጋው ከምርመራው ይወደዳል። ወይዘሮ ጥሩወርቅ ይህን አይተው የባዶ ሆዱን ምርመራ ወደ ረቡዕና ዓርብ ከሰዓት በኋላ አዛወሩት። በእነዚህ ቀናት ሰዉ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ይጾማል፤ ቤቱ ሆኖ የሚጾመውን ጾም መንገድ ላይ እየጾመ ይመጣል። ነገሩ ሁላችንም ፊት ነበር፤ ያሰበው ግን አልነበረም።

የአባቴ ነገር ከዚህም የከበደ ነበር። አባቴ በደባርቅ ዙሪያ ባለች አንዲት ደብር የሚያገለግሉ ቄስ ናቸው። ዐይናቸው ደብዝዞ ዳዊት መድገም ሲያቅታቸው «አርጅቼ ነው» ብለው ዝም አሉ። ያለ መጽሐፍ አባቴን ማሰብ ስላቃተን በግ ሸጠን «ሁሉንም ምርመራ» ልናሠራላቸው ይዘናቸው መጣን። ወይዘሮ ጥሩወርቅ ሲጠይቋቸው አጎቴን የገደለው ስኳር መሆኑን፣ አባቴንም ውኃ ውኃ እንደሚላቸው ሰሙ። ወዲያው ከጣታቸው ጠብታ ደም ሊወስዱ ተነሡ።

«አይሆንም ልጄ» አሉ አባቴ እጃቸውን ሰብስበው። «በዚህ ሳምንት ሰሞነኛ ነኝ። ቅዳሴ ገብቼ የማገለግል ሰው ደም አይፈስሰኝም።»

እኔ ተቆጣሁ፤ «ዐይንዎ እየጠፋ?» ብዬ ጮኽሁ። ወይዘሮ ጥሩወርቅ ግን ዝም አሰኙኝና «ሰሞንዎ መቼ ያልቃል አባታችን?» አሉ።

«እሑድ ነው።»

«እንግዲያው ረቡዕ በጾምዎ ይምጡልኝ። እስከዚያ ግን ጥሙ ከባሰብዎ ወይም ካስመለስዎ ቅዳሴውን ለሌላ ካህን ሰጥተው በዚያው ቀን ይመጣሉ።»

«እሺ፣ ቃሌ ነው።»

ከበጉ ብር የአንዷን ምርመራ ዋጋ ብቻ ወስደው ሌላውን እጄ ላይ መለሱልኝ። «አትንካው፤ ለመድኃኒት ነው» አሉኝ።

ረቡዕ የአባቴ ስኳር እጅግ ከፍ ብሎ ተገኘ። አባቴ «እንግዲህ መድኃኒቱን ስጪኝ» ቢሏቸው «እኔ የማውቀው መለካት ነው፤ የሚያክምዎ ሐኪሙ ነው» አሉና ላቦራቶሪውን ዘግተው እስከ ሆስፒታሉ ሸኟቸው። በቀረው ብር መድኃኒቱ ተገዛ። ወራት ካለፉ በኋላ ፊደሉ ለአባቴ ተመልሶ ይታያቸው ጀመር።

ወሬው ከደብር ደብር ዞሮ ካህናቱ ሰሞናቸውን እየጨረሱ መምጣት ያዙ፤ በረንዳችን ረቡዕ ረቡዕ ነጭ በነጭ ይሆን ነበር። «ይህ ላቦራቶሪ ነው ወይስ ደብር?» ስላቸው «ደብር ቢሆንማ አንተንም በሌሊት አስነሣህ ነበር» ይሉኝ ነበር።

እትዬ ጥሩወርቅ፣ ጎረቤትዎ በመሆኔ እኮራለሁ፤ ለሚሰማኝም ለማይሰማኝም እናገራለሁ። በቀብርዎ ዕለት ዳዊቱን የደገሙልዎ አባቴ ናቸው። መጽሐፉን በራሳቸው እጅ ይዘው፣ ማንም ሳያግዛቸው ነበር ያነበቡት። መካከል ላይ ሲደርሱ ግን መስመሩ ጠፋባቸውና ቆሙ። አይደንግጡ እትዬ፤ ስኳሩ አይደለም። ዕንባ ነው።