ለጌም የሰጠሁት ቀጠሮ

ከስልክ መልእክት በቀር ምንም ጽፌ አላውቅም። ትምህርቴም ከስድስተኛ ክፍል አላለፈም። ባለፈው ቅዳሜ ግን የአክስቴ ልጅ ዮናስ ቤት ሄጄ፣ ትንሹ ልጁ አዲስ ጌም ይዞ «ይሄ እኮ አዲስ ጄነር ነው!» ሲል ሰማሁ፤ አዲስ ዓይነት ማለቱ ነው። ሳቄ መጣ፤ ወዲያው ደግሞ ዓይኔ እንባ አቀረረ። ስለዚህ ልሞክረው።

ያኔ አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ኦሮራ በምትባል የፈረንጅ አገር ከተማ፣ ፒዮሪያ ስትሪት ላይ፣ አክስቴና ባለቤቷ ጋሽ ተፈራ ከዮናስና ከእህቱ ከማህሌት ጋር በሚኖሩበት አፓርታማ ተጠግቼ ነበር። የምተኛው ሳሎን፣ ሶፋው ላይ ነው። ልጆቹ ጌም የሚጫወቱትም እዚያው። ከሥራ ስገባ አጥፍተው ይነሱልኛል፤ እኔም ከማፈሬ የተነሳ «ተጫወቱ» ማለት ያቅተኛል። ወራት አልፈው እንኳ ከሰላምታ በላይ አልተነጋገርንም። ቤቱ በእኔ የጠበበ መሰለኝ። ሌክውድ በምትባል ሌላ ከተማ አንዲት አሮጊት ቤት እያደርኩ የምሠራበት ሥራ ሲገኝ እሺ አልኩና፣ እሑድ ልሄድ ሻንጣዬን በሩ ጋ አቆምኩ።

ቅዳሜ በረዶ ጣለ። ማንም አልወጣም። አክስቴ የድርቆሽ ፍርፍር እየሠራች ቤቱ ቁሌት ቁሌት ይሸታል። ዮናስ የፕላስቲክ ጊታር አንግቶ፣ ከቴሌቪዥኑ ዘፈን ጋር ባለቀለም ቁልፎቹን ይጫናል።

«ከዚህ በኋላ የሚመጣው ሁሉ ይሄን ነው ኮፒ የሚያደርገው። ቶታሊ ኒው ጄነር!»

«ምኑ ነው ኒው? በተን መጫን ነው!» አለች ማህሌት ፋንዲሻ እየወረወረችበት። «ኒው የሆነው ፕላስቲኩ ነው።»

ጌሙ ከወጣ ገና ወራት ቢሆነው ነው፤ እነሱ ግን ፈር ቀዳጅ ነው፣ አይደለም እያሉ ጮኹ። መሃል ከተማ የመኪና ፓርኪንግ ጥበቃ አድረው የተኙት ጋሽ ተፈራ ብርድ ልብስ እንደለበሱ ብቅ አሉ።

«በሕግ አምላክ! በእኛ አገር የተጣላ ሰው መንገደኛ አስቁሞ ዳኛ ያደርጋል። ያቻትላችሁ ሰብለ!»

«ኧረ ጋሼ፣ እኔ ስለ ጌም ምን አውቄ!»

«ጥሩ ነዋ። አታዳዪም።»

ማህሌት ሶፋው ላይ ትራስ ደርባ አስቀመጠችኝ። ዮናስ «ማስረጃ» ብሎ ጊታሩን ጭኔ ላይ አኖረ። እኔ ያሰብኩት የልጅነቴን ጨዋታ፣ ሰኞ ማክሰኞን ነበር። መጀመሪያ መሬት ላይ የጫረችው ልጅ፣ ያን ቀን ምን እንደጀመረች በምን ታውቃለች?

«ፈር ቀዳጅ የሚባለው» አልኩ፣ «ሌላው ተከትሎ ሲያርስ ነው። ዛሬ ከኋላው ማንም የለም። ለሚመጣው ገና ቀጥሬያችኋለሁ።»

«ይቺ ናት ዳኛ!» ጋሽ ተፈራ በሳቅ ፈነዱ። «ቀጠሮ ሰጠች!»

ዮናስ ግን አልሳቀም። ሻንጣዬን አየ። «ነገ ትሄድ የለ እንዴ? ታዲያ ማን ሊፈርድ ነው?»

ማህሌት ተነስታ ሻንጣውን ወደ መኝታ ክፍሏ ጎተተችው። «ጀጅ ሳይፈርድ አይሄድም። እኔ ጋ ትተኛለች። ሶፋው የጌም ነው።»

አክስቴ ማማሰያዋን እንደያዘች ሌክውድ ደውላ «አትመጣም» አለች። እኔም ከዚያ ቤት የወጣሁት ሳገባ ነው።

ለገና ያንን የተከተለ፣ ከበሮ ያለው ጌም መጣ፤ ለዮናስ ፈረድኩ። ማህሌት ይግባኝ አለች። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ደግሞ የፕላስቲክ ጊታሮቹ ያገለገለ ዕቃ መሸጫ ተከምረው አየን፤ እንደገና ቀጠርኩ። እስከ ዛሬ ፍርዱን አልቆረጥኩም። የቆረጥኩ ቀን ደስ የሚለኝም አይመስለኝም።

ባለፈው ቅዳሜም የዮናስ ልጅና ማህሌት ተፋጠው ሲከራከሩ፣ እንደ ልማዴ በሩ ጋ ቆሜ ነበር። ማህሌት አየችኝና ትራሱን ሶፋው ላይ ደረበች።

«ነይ ቁጭ በይ፣ ሰብሊ። ያለ አንቺ አንጀምርም።»