ወዳጄ ልትሸጥልኝ ያወጣችው ክር

ጥር 14። አብሮ አደጌ ትርንጎ የሰጠኋትን ሹራብ ተርትራ፣ ክሩን መልሳ ለእኔው ልትሸጥልኝ ነበር።

ከቢቸና ሞጣ የሄድኩት የጀመርኩት ሹራብ እጅጌው ሳያልቅ ክር ስላለቀብኝ ነው። ትርንጎ ሞጣ ገበያ ላይ ክር ትነግዳለች።

«ይኸው ቡናማ! ትናንት የገባ» አለችኝ።

ክሩን ሳብ አድርጌ ለቀቅሁት። እንደ ተፈታ ሹሩባ መልሶ ተጠቀለለ። አዲስ ክር እንዲህ አይሆንም።

ሹራብ ማለት አንድ ክር ቀለበት በቀለበት ውስጥ እየተሳበ የሚያያዝ ነገር ነው። ጫፉን ያገኘ ሰው ሙሉውን ይተረትረዋል፤ ክሩ ግን የቀለበቱን ቅርጽ ቶሎ አይረሳም። (ከአንዳንድ ሰው ይሻላል።)

ጥቅሉን ፈታ ሳደርገው፣ ለእሷ ስሠራ ቡናማው አልቆብኝ በአረንጓዴ የቀጠልኩበት ቋጠሮ ወጣ።

«ባለፈው ክረምት ስትታመሚ የሠራሁልሽ አይደለም?»

«ውይ አንቺ! ሲያሳክከኝ ከረመ እኮ። ለአንቺ ቀነስ አደርግልሻለሁ።»

ጥቅሉን ሚዛኑ ላይ ትቼው ወጣሁ። እጅጌው ይቅር።

እናንተስ፣ ስጦታችሁን መልሶ ሊሸጥላችሁ የሞከረ ወዳጅ ገጥሟችሁ ያውቃል? መናኸሪያ ነኝ፤ መኪናው እስኪሞላ መልሳችሁን አነባለሁ።