ኤላዲዮን ይዘን ኮረብታ የወጣን ዕለት

ዶሲንዳና ባሏ ኤላዲዮ በአንድ ጣሪያ ሥር እየኖሩ አሥራ አንድ ዓመት አልተነጋገሩም። ይህን ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም። ግድግዳ የምንጋራ ጎረቤታቸው ስለሆንኩ መልእክት ሳመላልስ የኖርኩት እኔ ነኝ። «ባልቢና፣ ሾርባው ቀርቧል በይው» ትለኛለች። እሱ እዚያው ጠረጴዛው አጠገብ ተቀምጧል። «ሰምቻለሁ በያት» ይለኛል። የሁለቱንም ጆሮ ብቆነጥጥላቸው ደስ ባለኝ ነበር።

ጠቡ የጀልባ ነው። ጀልባዋን የሠራት የዶሲንዳ አባት ነበር፤ እሷም ከልጅነቷ ጀምራ ቀዝፋባታለች። ኤላዲዮ ዓይኑ ሲደክም ሳያማክራት ለሌላ አገር ሰው ሸጣት። ዶሲንዳ ከእኛ ጋር ዛጎል ስትለቅም ውላ፣ ጭቃው እግሯ ላይ ሳይደርቅ ወደ ማሰሪያው ብትሄድ ገመዱን ብቻ አገኘች። አልጮኸችም፣ አላለቀሰችም። ዝም አለች፤ ዝም እንዳለችም ቀረች። እሱም ቢሆን «አጥፍቻለሁ» ማለት የሞት ያህል የሚከብደው ደረቅ ሰው ነበር።

ባለፈው ክረምት ኤላዲዮ ሞተ። ሞቶም አላረፈም፤ ስለት ነበረበት። ወጣት ሳለ ማዕበል ይዞት፣ ከተረፍኩ ኮረብታው ላይ ወዳለው የቅዱስ ማሜድ ጸሎት ቤት በእግሬ እወጣለሁ ብሎ ተስሎ ነበር። ተረፈ፤ ዛሬ ነገ ሲል አርባ ዓመት አለፈው። እኛ ዘንድ ስለቱን ሳያደርስ የሞተ ሰው፣ ሞቶም ቢሆን መሄዱ አይቀርለትም። ብቻውን ግን መንገዱ ይጠፋዋል። ስለዚህ የቅርብ ሰው ከመቃብሩ ጠርቶት፣ በየመታጠፊያው እያናገረ ይወስደዋል። ያላናገሩት ሙት እዚያው ቆሞ ይቀራል። ሚስት እያለች ደግሞ ሌላ ሰው አይወስደውም።

በበጋው፣ በቅዱሱ በዓል ጠዋት ከመቃብሩ አጠገብ ሦስት ሆነን ቆምን፤ ዶሲንዳ፣ እኔና የኤላዲዮ እህት ኤሩንዲና። ዶሲንዳ ድንጋዩን አየችና ወደ እኔ ዞረች።

«ባልቢና፣ ተነስ በይው።»

«እኔ ምኑ ነኝ? ራስሽ በይው!»

«ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት!» አለች ኤሩንዲና። «ወንድሜን ሜዳ ላይ ልታስቀሪው ነው?»

ዶሲንዳ ወደ ሰማይ እያየች «ሰዓቱ ደርሷል» አለች። ለማን እንደሆነ አልተናገረችም። ይሁን ብለን መንገድ ጀመርን።

ወንዙ ከባሕር በሚገናኝበት ዳር ዳሩን ሄድን። ውኃው ሸሽቶ ጭቃው እስከ ወዲያኛው ዳር ተገልጧል፤ በዓል ስለሆነ አንድም ለቃሚ የለም። ጀልባዎቹ በጎናቸው ተጋድመዋል። ዶሲንዳ አንዳቸውንም ቀና ብላ አላየችም። ፀሐዩ ገና በማለዳ ማጅራት ይጠብስ ነበር።

አሮጌው ወፍጮ ቤት ጋ መንገዱ ለሁለት ይከፈላል። ዶሲንዳ ትንፍሽ ሳትል በግራ አለፈች። ኤሩንዲና የወፍጮ ቤቱ ግንብ ላይ ዘፍ አለች።

«ወንድሜ እዚህ ቀርቷል። እኔም ከእሱ ጋር ቀርቻለሁ።»

«ተነሺ እንጂ፣ አሮጊት!» አልኳት።

«አልነሳም።»

ዶሲንዳ ሃምሳ እርምጃ ያህል ሄደች። ቆመች። ፊቷ ቲማቲም መስሎ ተመለሰች።

«በግራ በኩል ነው» አለች።

«ለማን ነው የምትነግሪው?» አለች ኤሩንዲና።

«ለእሱ ነዋ!»

«ስም የለውም?»

ዶሲንዳ ከንፈሯን ነከሰች። ከዚያ እንደ ሳል ያለ ድምፅ ከአፏ ወጣ። «ኤላዲዮ! በግራ ነው። ድሮም ግራና ቀኝህን አታውቅም።»

እኔ ሳቄ አመለጠኝ። እሷ ግን ከዚያ በኋላ ማን ያቁማት! ዳገቱን እስክንጀምር የጀልባዋን ነገር አወረደችበት። «ዓይኔ ደከመ ብትለኝ እኔ አልቀዝፍልህም ነበር? የአባቴን እጅ ነው እኮ የሸጥከው! ምን ነበረበት ብትጠይቀኝ?» አለችና መንገዱ መሃል ቆማ አለቀሰች። እንባዋን በቀሚሷ ጫፍ ጠርጋ ቀጠለች። ስለሚያፈሰው ጣሪያ ወቀሰችው፤ በልጃቸው ሠርግ ማዶና ማዶ ስለተቀመጡበት ቀን ወቀሰችው። የጥድ ጥላ ሥር ስንደርስ ወቀሳው አልቆ ወሬ ሆነ። ማን ጥርስ እንዳስተከለ፣ የማን ውሻ እንደሞተ፣ ቄሱ ስንት ኪሎ እንደጨመሩ ነገረችው። እኔ ከኋላ ከኋላ ተከተልኩ። የአሥራ አንድ ዓመት የመልእክተኛነት ሥራዬ ያን ቀን አበቃ፤ ትንሽም ቅር አለኝ።

ኮረብታው አናት ላይ ሕዝቡ ሞልቷል፤ በትልልቅ ድስት የባሕር እንስሳ ይቀቀላል። ዶሲንዳ ሻማ አብርታ ከጸሎት ቤቱ በር ቆመች። ኤሩንዲና በጆሮዋ መከረቻት። «አሁን ደርሰሃል፣ እዚህ እረፍ በይው። ከዚያ ዞር ሳትይ ውረጂ። ና ካልሽው ግን ተከትሎሽ ይመለሳል፤ ስለቱም ፈረሰ ማለት ነው።»

«ደርሰሃል፣ ኤላዲዮ» አለች ዶሲንዳ። «እዚህ እረፍ።»

ኤሩንዲና አማተበች። ቁልቁለቱን ጀመርን። ዶሲንዳ አራት አምስት እርምጃ እንደሄደች ቆመችና ሙሉ በሙሉ ዞረች።

«ኤላዲዮ፣ ና። ቤታችን እንሂድ።»

ኤሩንዲና ጮኸች። «ምን አደረግሽ አንቺ! አፍሽ አምልጦሽ ነው?»

«አላመለጠኝም።»

«ስለቱ ፈረሰ እኮ! የዛሬ ዓመት ይህን ሁሉ ዳገት እንደገና ልታወጪው ነው!»

«አወጣዋለኋ» አለች ዶሲንዳ፣ ለአንድ ሰው የሚበቃ ቦታ በጎኗ ትታ መውረድ እየጀመረች። «ገና ምኑን አወራሁትና ነው የምተወው?»