አፈሙዙ ወደ ሆዴ ዞሮ

ሰበታ ውስጥ ባለ አንድ ፋብሪካ አሥራ አንድ ዓመት ሴቶች ስፈትሽ ኖሬያለሁ። ሥራው ክፉ አይደለም፤ ፈታሽን የሚወድ ሰው ግን የለም። ባለፈው ዓመት የሽጉጥ ሥልጠና ወስዶ ላለፈ ሠራተኛ የዋናው በር ጥበቃ ቦታ እንደሚሰጥ ማስታወቂያ ተለጠፈ። ከሴት የተመዘገብኩት እኔ ብቻ ነኝ። ወንዶቹ «አንቺ ደግሞ ማንን ልትገድይ ነው?» እያሉ ሲስቁብኝ እልህ ያዘኝ። ማንንም መግደል አላማረኝም፤ ከዚያች ጠባብ የመፈተሻ ክፍል መውጣት ነበር የፈለግኩት።

ሥልጠናው ፉሪ ዳገት ላይ፣ ሥራ ባቆመ የድንጋይ ካባ ውስጥ ነበር። አሠልጣኛችን ጡረታ የወጡ ወታደር ናቸው፤ እዚያው ጤፍ ያርሳሉ። ሁላችንም «ኦቦ አሠልጣኝ» እንላቸዋለን። የመጀመሪያ ቀን አንድ ሕግ ነገሩን፦ «አፈሙዝ ወደ ሰው ያዞረ፣ ጥይት ይኑረው አይኑረው፣ ዕቃውን ሰብስቦ ወደ ቤቱ!» በሦስተኛው ቀን ባዶ ሽጉጥ አስይዘው ቃታ ሲያስስቡኝ ቆዩና «በይ አምጪው» ብለው እጃቸውን ዘረጉ።

እኔ ደግሞ ለትልቅ ሰው ቢላዋ ሲሰጥ ስለቱን ወደ ራስ አድርጎ ነው ተብዬ ነው ያደግኩት። ሳላስበው ጎንበስ አልኩ፣ ቀኝ ክንዴን በግራ እጄ ደገፍኩ፣ እጀታውን ወደ እሳቸው አዙሬ አቀረብኩላቸው። አፈሙዙ በቀጥታ ወደ ሆዴ ዞሯል።

«ውጪ!» አሉ።

ቆሌዬ ተገፈፈ። «ኦቦ፣ ወደ ማንም አላዞርኩም እኮ!»

«አቲ ነመ ሚቲ?» ብለው ጮሁብኝ። አንቺ ሰው አይደለሽም ወይ ማለታቸው ነው።

ወንዶቹ ሲስቁ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ።

ቤቴ ግን አልሄድኩም። ከካባው አፋፍ፣ ባሕር ዛፉ ሥር ድንጋይ ላይ ተቀምጬ ተኩሱን ስሰማ ዋልኩ። መጀመሪያ በእሳቸው ተናደድኩ፣ ቀጥሎ ባሳደጉኝ፣ በመጨረሻ በራሴ። አንድ ጊዜ ፋብሪካው ውስጥ ጨርቅ ጠፍቶ፣ ማንም ሳይጠይቀኝ «ጥፋቱ የኔ ነው» ብዬ ፈርሜአለሁ። ያን ቀን ፈረቃዬ እንኳ አልነበረም! እዚያ ድንጋይ ላይ ሳስበው አንጀቴ አረረ።

ወንዶቹ ሲበተኑ አሠልጣኙ ወደኔ መጡ።

«እስካሁን አልሄድሽም?»

«አልሄድም» አልኩ፤ ድፍረቱ ከየት እንደመጣ እንጃ። «ሕጉን ጥሻለሁ፤ አልክድም። ግን ሳልማር ወደዚያች ክፍል አልመለስም። ያስተምሩኝ።»

ካባው ውስጥ ወዳለ ጠረጴዛ ወሰዱኝና ሽጉጡን አስቀመጡ። «አንቺ ታስቀምጫለሽ፣ እኔ አነሳለሁ። ከእጅ ወደ እጅ የለም» አሉ። ትልቅ ሰው እጁን ዘርግቶ እያየሁ ዕቃ ጠረጴዛ ላይ ማኖር ነውር ነውር አለኝ። ሃያ ጊዜ ሳይሆን አይቀርም ያስደጋገሙኝ።

«አፈሙዝ ወደ ማን አይዞርም?» አሉኝ በመጨረሻ።

«ወደ ሰው።»

«ከማን ጀምሮ?»

«ከኔ ጀምሮ» አልኩ። እንባዬ መጣ። እሳቸው እንዳላዩ ሆነው ጥይቶቹን መቁጠር ያዙ። «ነገ በሰዓቱ ነይ» ብቻ አሉኝ።

የፈተናው ቀን ከአሥር ጥይት ሰባቱ ኢላማው ላይ አረፉ። ከኔ የተሻሉ ወንዶች ነበሩ፤ የወደቁም ሁለት ነበሩ። በወረቀቴ ላይ በእጅ ጽሑፍ «አልፋለች» ይላል።

ሚኒባስ ውስጥ ያቺን አንዲት ቃል ደጋግሜ ሳነብ ወራጅ ማለት ረሳሁ። ቀና ስል ሰበታ ከኋላዬ ቀርታለች። ወርጄ ያን ሁሉ መንገድ በእግሬ ተመለስኩ፣ መኪና ሁሉ አቧራ እያለበሰኝ። ቅንጣት አልከፋኝም። ከሰኞ ጀምሮ ዋናው በር ላይ የምቆመው እኔ ነኝ።