ልጄ ድረ ገጹን የሠራበት መሣሪያ

ሰላመ እግዚአብሔር ከሁላችሁ ጋር ይሁን።

ዛሬ ፒያሳ ካለ የኮምፒውተር ቤት ገብቼ፣ ልጄ ለአጥቢያችን የሠራው ድረ ገጽ በምን እንደ ተሠራ ባለሙያዋን ጠየቅኋት።

«የኔታ፣ ምነው ልጅዎን አይጠይቁትም?»

«እሱማ ሩቅ ነው። ሲደውል ሰላምታው ሲያልቅ ወሬያችንም ያልቃል። ስለ ሥራው የማነሣው ነገር እንዳገኝ ብዬ ነው።»

ከገጹ ጀርባ ያለውን ጽሑፍ ከፈተች። ለአንባቢ የማይታይ አንድ መስመር አሳይታኝ፣ «እንዲህ ያለውን ምልክት የሚተወው ጃንጎ የሚባለው የድረ ገጽ መሥሪያ ነው» አለችኝ። ለተማሪዎቼ አትንገሩብኝ እንጂ፣ ስሙን ሦስት ጊዜ አስደገምኋት።

እኔም ብራና ስገልጥ፣ መስመር ለማስመር ጠርዙ ላይ ከተበሳው የወስፌ ቀዳዳ የየትኛው ጸሐፊ እጅ እንደ ሆነ እለያለሁ። የልጄ ሙያ ከእኔ ይህን ያህል የቀረበ አይመስለኝም ነበር።

ይህንኑ ልነግረው ወጥቼ ደወልሁ፤ አላነሣም። የመሣሪያውን ስም እንዳልረሳው በወረቀት ጽፌ በጸሎት መጽሐፌ ውስጥ አኑሬዋለሁ። እሑድ ይደውል ይሆናል።

እናንተስ ከራቁ ልጆቻችሁ ጋር ከሰላምታ በኋላ ስለ ምን ትጫወታላችሁ? እስኪ ጻፉልኝ።

የራቀውን የሚያቀርብ አምላክ እናንተንም ቤታችሁንም በረድኤቱ ይጠብቅ።